ኢሳጂ የቀባው ሰማያዊ መስመር

ሂራሶ ውስጥ ኢሳጂን መቅዳት የማይችል ሰው የለም። ቀላል ነዋ። እግርህን ከፈት ታደርጋለህ፣ ጀልባ ላይ የቆምክ ይመስል ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትላለህ፣ ሁለት እጅህን ከወገብህ ኋላ ታቆላልፋለህ፣ ሰው ሲያናግርህ አገጭህን ደረትህ ውስጥ ቀብረህ «እም» ትላለህ። አለቀ፣ ኢሳጂ ሆነሃል። መንደሩ ዘጠኝ ቤት ነው። ስምንቱ ቤት ይሄን አሳምሮ ይችላል። ዘጠነኛው የራሱ የኢሳጂ ቤት ነው፤ እዚያም ቢሆን ሚስቱ ኪኑዮ ከሁሉም አስበልጣ ትቀዳው ነበር።

«ይሄኛው እም አመሰግናለሁ ማለቱ ነው» ትላለች ለእንግዳ። «ቅድም ያለው ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው ማለቱ ነው። እንዳትደባልቁት።»

ኢሳጂ አጠገቧ ቆሞ «እም» ይላል።

«ይሄ ደግሞ ዝም በይ ነው።»

አምሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። እሱ አሳውን ያመጣል፣ እሷ ወሬውን ታመጣለች። በአሥራ አምስት ዓመቱ የአባቱ ጀልባ ላይ ወጣ፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ወረደ። ጀልባዋን ለወደቡ ሰዎች ሸጠ። የተረፈችው ሁለት ጣሳ ሰማያዊ የጀልባ ቀለም መጋዘን ውስጥ ቀረች። ልጅ አልወለዱም። ኪኑዮ ስለ ልጅ ሲጠይቋት «በዓመት አንዴ የሚመጡ ስምንት መቶ ልጆች አሉኝ፣ ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም ጥብቅ ሱሪ የለበሱ» ትል ነበር።

ብስክሌተኞቹን ማለቷ ነው። በየዓመቱ ሩዝ በሚተከልበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ፣ ባህረ ገቡን ዙሪያውን በሳይክል የሚዞሩ ሰዎች ይመጣሉ። መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ከወደቡ ከተማ ተነስተው፣ ባህሩን በግራ፣ ደረጃ ደረጃ የወረደውን የሩዝ ማሳ በቀኝ ይዘው፣ ጫፉን ዞረው ማታ ይመለሳሉ። መንገዱ እንዳይጠፋቸው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር ይቀባል። መስመሩን መከተል ነው። ከመንገዱ ሁሉ የከፋው ደግሞ የሂራሶ አቀበት ነው። እዚያ ላይ ስንቱ ጎረምሳ ወርዶ ሳይክሉን እንደ አህያ ጎትቷል።

የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ረጅም ሰው አቀበቱን ጨርሶ ኪኑዮ ጓሮ ውስጥ ተዘረጋ። እሷ መጥታ ቁልቁል አየችው።

«እዚህ ልትሞት ከሆነ ሳይክልህን አንሳና ሙት» አለችው። «ሽንኩርቴ ላይ ነው የጣልከው።»

ከዚያ ገብታ የሩዝ ጭብጦ አመጣችለት። መሐሉ ላይ በጨው የከረመ ፕሪም ያለበት፣ ላዩ በባህር ቅጠል የተጠቀለለ። ሰውየው በላ፣ አለቀሰ፣ ሌላ ጠየቀ። በዓመቱ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። በሦስተኛው ዓመት አዘጋጆቹ ራሳቸው ድንኳንና ጠረጴዛ አምጥተው የሂራሶ ማረፊያ የሚል ባንዲራ በሯ ላይ ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤቷ ሱገኖና የመንደሩ ሴቶች ከኪኑዮ ጋር ሆነው ሩዝ ሲጨብጡ፣ ኢሳጂ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ጎማ ሲነፋና ሳይክል ሲደግፍ ኖሩ።

ኪኑዮ የማንንም ስም ጠይቃ አታውቅም። «ስም የሚያስፈልገው ለፖሊስ ነው» ትላለች። ረጅሙን ቀጭኔ አለችው። አንዱን ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ስለሚታይ ጥርስ ሐኪሙ አለችው። አረንጓዴ የሚለብሱትን ባልና ሚስት እንቁራሪቶቹ። ፊት ፊት የሚበሩት፣ ማረፊያ የማይቆሙት ደግሞ «የሰረቁት ሳይክል ነው፣ ለዚያ ነው የሚሮጡት» ነበሩ።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት የቼሪው አበባ ሊፈነዳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኪኑዮ ከተማ ሆስፒታል ገባች። ሳል ነው ተብሎ ነበር። ሳል አልነበረም። ኢሳጂ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ፣ ዓይኗን ሳትከፍት፣

«ዘንድሮ ብቻ» አለችው። «አንዴ ብቻ ቁምልኝ።»

«እም።»

«እምህን ተወው። ብስክሌተኞቹ መጥተው እማማ የት አሉ ይላሉ። በሩ ተዘግቶ እንዳያገኙት። ደግሞ ሱገኖ እንዳትነግራቸው፣ እሷ ታለቅስና ሩዛቸውን ታበላሽባቸዋለች። አንተ ንገራቸው። በአፍህ። ሞታለች በል። ስለበላችሁላት ደስ ብሏት ነበር በል። ከዚያ በኋላ በሩን መዝጋት ትችላለህ።»

«እሺ» አለ ኢሳጂ።

ዓይኗን ገልጣ አየችው። እሺ ሲል ሰምታው አታውቅም መሰለኝ።

«ጭብጦውንም እንዳታጠብቀው» አለች። «ያንተ እጅ የለመደው የመልህቅ ገመድ ነው።»

በአራተኛው ቀን ሞተች። ቀብሩ ላይ በቤተሰቡ ስም የተናገረው ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሀማጉቺ ነው፤ ኢሳጂ ጎንበስ ቀና ብቻ አለ። ለዘመድ ስልክ የደወለችው ጎረቤቱ ሱገኖ ናት። ስለዚህ ኢሳጂ «ሞታለች» የምትለዋን ቃል ለማንም ሳይላት ቀረ። ለብስክሌተኞቹ ነው ያስቀመጣት።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሂራሶ ውስጥ ማስታወቂያ የሚደርሰው በሰሌዳ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሲመጣ ሰሌዳ ላይ ይታሰርና ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። አንብበህ ማህተምህን ታደርግና ለሚቀጥለው ቤት ታደርሳለህ። የሱገኖ ቤት ለኢሳጂ ያደርሳል፣ ኢሳጂ ለሀማጉቺ። በሩ ላይ የሐዘን ወረቀት የተለጠፈበት ቤት ግን አርባ ዘጠኝ ቀን እስኪሞላ ይዘለላል። ሐዘንተኛን በማዘጋጃ ቤት ጉዳይ በር አንኳኩቶ ማስነሳት ነውር ነው። ሰሌዳው መጣ፣ ሱገኖ አነበበች፣ ክው አለች፣ የኢሳጂን በር አየች፣ ወረቀቱ አለ፣ ዘለለችውና ለሀማጉቺ ሰጠች።

ሰሌዳው ላይ ያለው ይሄ ነበር። ተራራውን የሚበሳው አዲሱ ዋሻ ስላለቀ፣ የዘንድሮው የሳይክል ጉዞ በዋሻው ያልፋል። በአሮጌው የባህር ዳር መንገድ ወደ ሂራሶ አይመጣም። ማረፊያውም ቀርቷል። ስላደረጋችሁት ትብብር እናመሰግናለን።

ሀማጉቺ ሱገኖ በቃል ትነግረዋለች ብሎ አሰበ። ሱገኖ አርባ ዘጠኙ ሲያልፍ ሀማጉቺ ሰሌዳውን መልሶ ያሳየዋል ብላ አሰበች። የቀሩት ስድስት ቤቶች እነዚያ ሁለቱ አሉ ብለው አሰቡ። አርባ ዘጠኙ አለፈ። ማንም አልነገረውም።

ኢሳጂ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደብ ወርዶ የማዕበል መከላከያው ግንብ ጫፍ ላይ ይቆምና ለባህር ወፎቹ ይናገራል። ሱገኖ ከመስኮቷ ሰምታዋለች፤ ስትቀዳው እንዲህ ነው፣ «ኪኑዮ... እህ... ኪኑዮ ሞታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ስለ... ስለበላችሁላት ደስ ብሏት ነበር።» ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ወፎቹ እንኳ ሰልችቷቸው ሌላ ግንብ ሄዱ ትላለች።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢሳጂ መንገዱን ሊያይ ወጣ። መገንጠያው ድረስ ሄደ። ከወደቡ በኩል የመጣው ሰማያዊ መስመር አዲስ ተቀብቶ ያበራል። መገንጠያው ላይ ወደ ዋሻው ታጥፏል። ወደ ሂራሶ የሚሄደው ግን የአምናው ነው፣ ፈዞ፣ ተላልጦ፣ ቦታ ቦታው ላይ ጠፍቷል። ኢሳጂ ቆሞ አየው። የዋሻውን ለመኪና ምልክት የቀቡት መሰለው። የእኛ ጋ ገና አልደረሱም አለ በሆዱ። ሦስት ቀን ጠበቃቸው። አልመጡም።

በአራተኛው ቀን መጋዘን ገብቶ የጀልባውን ቀለም አወጣ።

ከመገንጠያው እስከ በሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ስለዚህ የአሳ ሣጥን ደፍቶ ይቀመጥበታል፣ እጁ እስከደረሰ ይቀባል፣ ሣጥኑን ይገፋል፣ እንደገና ይቀመጣል። እንዳይጠም ገመድ ወጥሮ ነው የሚሠራው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰማያዊ ፈካ ያለ ነው፣ የሱ ጠቆር ያለ፣ ጥልቅ ባህር የሚመስል። መንደሩ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ያያል።

«አሁን መንገር አለብን፣ አይደል» አለች ሱገኖ። የምትለውን ሁሉ በአይደል ነው የምትጨርሰው። የቀርከሃ ቡቃያ ወጥ በሳህን ይዛ ወጣች። ደረሰች። ኢሳጂ ቀና ብሎ አያት። ግንባሩ ላይ ቀለም አለ።

«አያ ኢሳጂ፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ አይደል» አለችው።

«እም።»

ሳህኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ራሷን ስትሳደብ ዋለች።

በማግስቱ ሀማጉቺ ተራው ሆነ። እሱ ደግሞ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አያወራም። «እህህም። አያ ኢሳጂ። ስለ መስመሩ፣ እህህም፣ አንድ ነገር ልልዎ...»

«ጠምሟል?» አለ ኢሳጂ። ደንግጦ።

ሀማጉቺ ጎንበስ ብሎ አየ። አልጠመመም። አርባ ዓመት ፖስታ ሲያመላልስ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር አላየም። «እዚች ጋ፣ እህህም፣ ትንሽ» አለ።

«ገመዱን ያዝልኝ።»

ያዘለት። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ነገርከው?» አለችው። «ገመድ ያዝኩለት» አለ። በማግስቱም ሄዶ ያዘለት። በሦስተኛው ቀን የቀለሙን ጣሳ ተሸከመለት። ሰባት ቀን ሙሉ አብሮት ቀባ። የሰፈሩ ሰው ሀማጉቺ ላይ ተቆጣ፤ ከተቆጡት መሐል ግን ሄዶ ልንገረው ያለ አልተገኘም። በስምንተኛው ቀን መስመሩ የኪኑዮ በር ላይ ደረሰ። ኢሳጂ የመጨረሻውን ክንድ ብቻውን ቀባ።

ቅዳሜ ድንኳንና ጠረጴዛ የሚያመጣው መኪና ሳይመጣ ቀረ። ኢሳጂ የአሳ ሣጥን ደርድሮ ላዩ ላይ ሳንቃ ዘረጋ፣ የኪኑዮን ነጭ ጨርቅ አለበሰው። ሩዝ ለመጨበጥ የሚመጡት ሴቶችም አልመጡም። ሐዘኔን ፈርተው ነው አለ። እሁድ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሩዙን በትልቁ ድስት ጣደ፣ ፕሪሙን ከእንስራው አወጣ። ኪኑዮ ከመታመሟ በፊት አምና የነከረችው ነው። እጁን በጨው ውኃ እያራሰ ጨበጠ። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ድንጋይ ሆኑ። አላልቶ ሲሞክር ፈረሱበት። እንደገና አጠበቀ። ሁለት መቶ ሰላሳ ጭብጦ ብቻውን ሠራ። ጣቶቹ ቀልተው አበጡ።

ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

የሰረቁት ሳይክል ነው የተባሉት አራት ሰዓት ላይ ያልፉ ነበር። አራት ሰዓት ሆነ። ነፋስ ይዟቸው ነው አለ። አምስት ሰዓት ሆነ። ጭብጦው እንዳይደርቅ ጨርቅ አርሶ ሸፈነው። ከባህሩ የጀልባ ድምፅ መጣ፣ ሄደ። ሱገኖ ከመጋረጃዋ ኋላ ተንበርክካለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጨርቁን እንደገና አራሰው። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ቃሉን እየተለማመደ መሆኑ ነው።

ስድስት ተኩል ላይ ከአቀበቱ ጫፍ አንድ ሰው ብቅ አለ።

«እማማ» አለ ከሩቅ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሞቼ ነው የመጣሁት። ሽንኩርትዎ የት አለ፣ ልጋደምበት።»

ቀጭኔው ነው። ወርዶ ሳይክሉን ለኢሳጂ አቀበለውና የራስ ቁሩን አወለቀ። ፀጉሩ አልቋል። ፊቱ ሰም መስሏል። አምና ጥብቅ የነበረው ሱሪ አሁን ታፋው ላይ ይወዛወዛል። ግን እየሳቀ ነው።

«አባባ፣ ምን ጉድ ነው ያደረጋችሁት። ሁሉም በዋሻው አይደል እንዴ የሄደው። መገንጠያው ላይ ያለችው አስተባባሪ በቀኝ በቀኝ እያለች ፊሽካዋን ልትውጠው ነበር። አራት ሰዎች መስመሩን ተከትለው ገብተው እሷ መለሰቻቸው። እኔን ማን ይመልሰኛል። መንገዱ ተቀይሯል፣ ሂራሶ የለም ሲሉ እማማ ታመው ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር የሰነበትኩት። ከዚያ መስመሩን አየሁ፣ አዲስ፣ ጥቁር ሰማያዊ። እማማ ናቸው አልኩ። እምቢ ብለው ራሳቸው ቀቡት አልኩ።»

ኢሳጂ የሳይክሉን መሪ ይዞ ቆሟል። ሁሉም በዋሻው ሄዷል። ያን ሰማ። ጥርስ ሐኪሙ በዋሻው ሄዷል። እንቁራሪቶቹ በዋሻው ሄደዋል።

«አምና ከዚህ ከሄድኩ በኋላ ሆዴን ቀደዱኝ» አለ ሰውየው። «ግማሹን አወጡት። ሚስቴ በግማሽ ሆድ ምን ልትበላ ነው የምትሄደው አለችኝ። የእማማን ጭብጦ ነዋ አልኳት። ብርዱን ሁሉ አልጋ ላይ ሆኜ ይሄን አቀበት በሐሳቤ ስወጣው ነው የከረምኩት፣ ይሞታል ተብዬ። አንድ መታጠፊያ፣ ሁለት መታጠፊያ፣ ከዚያ እማማ ቆመው ሲሰድቡኝ። ሐኪሙን ጠይቁት፣ እሳቸው ናቸው ያዳኑኝ። የት አሉ?»

ኢሳጂ አፉን ከፈተ። ቃሉ አለ። ለወፎቹ መቶ ጊዜ ብሎታል። ምላሱ ላይ ደርሷል። ሰውየውን አየው። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ሲመታ ይታያል። በሩን አሻግሮ እያየ ነው፣ ድምፅ እየጠበቀ፣ ስድብ እየጠበቀ።

«ከተማ ወርዳለች» አለ ኢሳጂ።

«ዛሬ? በዛሬ ቀን?»

«እህቷ ታማ።»

ኪኑዮ እህት የላትም።

«ወይ ጉድ። ከባድ ነው?»

«ይሻላታል።»

ሰውየው ሳንቃው አጠገብ ተቀመጠ። ፊቱ ትንሽ ጨለም አለ፣ ከዚያ ጭብጦ አነሳ። ቀስ እያለ ነው የሚበላው፣ እየቆረሰ፣ እያረፈ። አንዱን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ኢሳጂ ፊት ለፊቱ ቆሞ እያንዳንዷን ጉርሻ ይከተላል። አሁን እላለሁ፣ ይቺን ሲውጥ እላለሁ፣ ይላል በሆዱ። ሰውየው ይውጣል። ኢሳጂ አይናገርም።

«ንገሯቸው» አለ ቀጭኔው ሲነሳ። «እጅዎ ጠንክሯል በሏቸው። ድንጋይ ነው። ጨዉም በዝቷል። ግን ጨርሶታል በሏቸው።»

«እነግራታለሁ።»

ሰውየው አንድ ጭብጦ ጠቅልሎ ከጀርባው ኪስ ከተተ፣ ለሚስቱ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ወጣ፣ ሁለቴ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ፔዳሉ ያዘለት። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላው ሳያይ እጁን አነሳ።

ኢሳጂ እጆቹን አየ። ከዚያ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ከግድግዳው የተደገፈውን የኪኑዮን ሳይክል አወጣ። ፊቱ ላይ ቅርጫት ያለው የገበያ ሳይክል ነው፣ ማርሽ የለውም። ወጣበት። ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው ፔዳሉን በአንድ እግሩ መታው። ከመንደሩ ማዶ ያለችውን ጉብታ እየተወለጋገደ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጭኔው ቁልቁለቱን ወርዶ ከታች የባህሩን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ጣት ያክላል።

ኢሳጂ ሊጠራው አፉን ከፈተ። ምን ብሎ ይጥራው? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አብልተውታል፣ ስሙን አያውቁም። «ቀጭኔ» ብሎ ሊጮህ ፈለገ፤ እሱ ግን ሰውየውን በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም፣ የሷ ነው። «ሰውዬ» አለ። «አንተ ሰውዬ።» ነፋሱ ከባህሩ በኩል ነበር። ድምፁን መልሶ ፊቱ ላይ ደፋበት።

ሲመለስ የስምንቱ ቤት ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሟል። ሱገኖ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች።

«አያ ኢሳጂ፣ እኔ ነኝ የዘለልኩዎት። የሐዘኑን ወረቀት አይቼ ነው፣ አይደል። ከዚያ አርባ ዘጠኙ ሲያልፍ ደግሞ...»

«እህህም» አለ ሀማጉቺ። «ገመድ ከምይዝ ምላሴን ብፈታው ኖሮ...»

ኢሳጂ ሳይክሉን አቆመ። ሳንቃው ኋላ ሄዶ ቆመ፣ ኪኑዮ ትቆምበት በነበረው ቦታ። ሁለት እጁን ከወገቡ ኋላ አነሳቸው፣ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፣ ጎኑ ላይ አንጠለጠላቸው።

«ኪኑዮ ሞታለች» አለ።

ሱገኖ ናት ገላዋን ያጠበችው። ሀማጉቺ ነው ቀብሯ ላይ የተናገረው። ማንም አናውቅም እንዴ አላለም። ሁሉም ጎንበስ አሉ፣ ዛሬ እንደሰማ ሰው።

«ስለበላችሁላት ደስ ብሏት ነበር።»

ከዚያ ተቀመጡና በሉ። ጭብጦው እውነትም ድንጋይ ነበር፣ ጨዉም በዝቶ ነበር። ሁለት መቶ ሰላሳ ጭብጦ ዘጠኝ ቤት አይጨርሰውም፤ ሦስት ቀን በሉት።

በማግስቱ ሀማጉቺ ለአዘጋጆቹ ስልክ ደወለ። ኢሳጂና ሱገኖ አጠገቡ ቆመው ነበር። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ነው።

«የሚፈልጉትን ሰው ስም ቢነግሩኝ ጌታዬ።»

«ስም... እህህም። ረጅም ሰው ናቸው።»

«የተመዘገቡት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ናቸው ጌታዬ። ቁመት አንመዘግብም።»

«ፀጉር የላቸውም። ሆዳቸው፣ እህህም፣ ግማሽ ነው።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ሆድም አንመዘግብም። እግረ መንገዴን፣ ሂራሶ መንገድ ላይ ያልተፈቀደ መስመር የቀባ ሰው ያውቃሉ?»

ሀማጉቺ ኢሳጂን አየው። «አናውቅም» አለ። በሕይወቱ ለመንግሥትም ለግልም ዋሽቶ የማያውቅ ፖስተኛ ነው። ስልኩን ዘጋ።

«ሰው ይነግረዋል» አለች ሱገኖ። «ወሬ አይደል፣ መድረሱ አይቀርም።»

«እኔ ነበርኩ የምነግረው» አለ ኢሳጂ።

ኪኑዮ ዘንድሮ ብቻ ነበር ያለችው። ከዚያ በሩን መዝጋት ይችላል ብላው ነበር። አልዘጋውም። በዓመቱ ጉዞው ሲመጣ ዋሻው አፍ ላይ ሄዶ ቆመ። እዚያ ቁልቁለት ነው፣ ሰው አይቆምም፤ ሺህ ሁለት መቶው ሰው እንደ ጥይት ሲያልፍ የሚያበረታታቸው ሽማግሌ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙለት። ቀጭኔውን አላየውም። አልፎት ይሁን ሳይመጣ ቀርቶ ይሁን አያውቅም።

አሁን እሁድ እሁድ፣ ዝናብ ካልጣለ፣ የኪኑዮን ሳይክል እየገፋ ዋሻው ጋ ይወጣል። ቅርጫቱ ውስጥ ጥቂት ጭብጦ አለ። ውኃ ሊጠጣ፣ ጎማ ሊያይ ለቆመ ብስክሌተኛ ሁሉ ይሄዳል፣ ያንኑ ቃል ይላል፣ አንድም ሳይሳሳት። አንዳንዱ የራስ ቁሩን ያወልቃል። አንዳንዱ ሽማግሌው ነክቶታል ብሎ ይሄዳል።

ባለፈው እሁድ አንዲት ሴት የሳይክሏ ካቴና ወልቆባት እያስገባች ሳለ ነገራት።

«ኪኑዮ ማን ናት አባባ?» አለችው፣ እጇ በቅባት ጠቁሮ።

«ሚስቴ።»

«በቅርቡ ነው?»

«ዓመት አልፏታል።»

ሴትየዋ ምን እንደምትል ግራ ገባት። ጭብጦውን ተቀበለችው፣ በሁለት ጣቷ፣ እንዳይቆሽሽ።

«በዚህ መንገድ ብዙ ትሄጃለሽ?» አላት።

«በወር አንዴ፣ ሁለቴ።»

«አንድ ሰው ካገኘሽ ንገሪልኝ። ረጅም ነው።»

«ምን ያህል ይረዝማል?»

ኢሳጂ የማይታጠፈውን እግሩን አስተካከለ፣ በእግሩ ጣቶች ቆመ፣ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ እስከቻለው ድረስ አነሳና እዚያው ያዘው።